የበላው ጅብ አልጮኸም፦ ስለ ባድፊንገር ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ ድሮ የሮክ ባንዶች የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ይሄ አንተን ያናድድሃል» ብሎበታል። ያውቀኛል። ጽሑፉ ስለ ባድፊንገር ነው። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም ተናደድኩ።

ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ባድፊንገር የቢትልስ ግልባጭ ነው፤ እነሱ ባያዝሉት ኖሮ ስሙን የሚጠራ አይኖርም ነበር። የሚታወቅ ዘፈኑ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው ያደረጉት ሌሎች ዘፋኞች ናቸው። ባንዱ የተበተነው ዝናው ሲያልፍበት አባላቱ እርስ በርስ ስለተናከሱ ነው። ማኔጀሩ ገንዘባቸውን በላ ከተባለም፣ ሳያነቡ የፈረሙት እነሱው ናቸው። ደግሞም ባንዱ እርግማን ነበረበት።

አምስቱንም ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በግልባጭነቱ ክስ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ልጆቹ የተነሱት ከዌልስ፣ ከስዋንዚ ከተማ ነው። ያኔ ስማቸው «አይቪስ» ነበር። ፒት ሃም ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ይደርሳል። ማይክ ጊቢንስ ድራም ላይ ነው። ቶም ኢቫንስ ከሊቨርፑል መጥቶ ተቀላቀላቸው። የቢትልስ የጉዞ ረዳት የነበረው ማል ኢቫንስ ወደዳቸውና ሥራቸውን ለአለቆቹ ደጋግሞ አሰማ። (ከቶም ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ስሙ ነው የገጠመው።) በ1968 የቢትልሶቹ የሸክላ ኩባንያ አፕል አስፈረማቸው። አፕል ያስፈረመው የመጀመሪያው ባንድ እነሱ ናቸው። ባድፊንገር የሚለው ስማቸው እንኳ የመጣው ከዚያው ሰፈር ነው። አንድ የቢትልስ ዘፈን ገና ሲሠራ «ባድ ፊንገር ቡጊ» ይባል ነበር፤ ከዚያ ተወሰደ።

በ1969 የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ «ካም ኤንድ ጌት ኢት» የሚለውን ዘፈን ጽፎ ሰጣቸው። ማሳያውን ሁሉንም መሣሪያ ራሱ እየተጫወተ ብቻውን ቀድቶታል። ፕሮዲዩሰሩም እሱ ነበር። ምንም ሳትቀይሩ ልክ እንደዚሁ ተጫወቱት አላቸው። ታዘዙ። ዘፈኑ እንግሊዝ ላይ 4ኛ፣ አሜሪካ ላይ 7ኛ ደረጃ ደረሰ። እንግዲህ ይህቺ አንዷ ግልባጭ ናት፤ ያውም በትእዛዝ የተገለበጠች።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሲደርስ ጆሮውን ዘጋ። የሚቀጥለውን እኔ ልንገረው። በ1969 መጨረሻ ጆይ ሞላንድ የሚባል የሊቨርፑል ጊታሪስት ገባና አራቱ ተሟሉ። በ1970 «ኖ ማተር ዋት» ወጣ። ደራሲው ፒት ሃም ነው። አሜሪካ 8ኛ፣ እንግሊዝ 5ኛ። ቀጥሎ «ዴይ አፍተር ዴይ» መጣ። አሁንም ሃም፤ አሜሪካ 4ኛ። ቀጥሎ «ቤቢ ብሉ»። አሁንም ሃም፤ አሜሪካ 14ኛ። ሦስቱንም ማንም አልጻፈላቸውም። «ኖ ማተር ዋት»ን ክፈቱና መግቢያውን ብቻ ስሙ። ጊታሩ ሻካራ ነው። ድምጾቹ ደግሞ ማር ናቸው። በኋላ «ፓወር ፖፕ» የተባለው የሮክ ዓይነት መነሻው የት ነው ሲባል ይህ ዘፈን የሚጠራው ለዚህ ነው።

የሃም ድምጽ ማካርትኒን ይመስላል? አዎ፣ አንዳንዴ በጣም ይመስላል። እኛስ ሀገር ስንቱ ጎበዝ ልጅ «ጥላሁንን ይመስላል» ተብሎ የራሱ ሥራ ሳይደመጥለት ቀርቷል?

ደግሞ ግልባጭ ከሆኑ ቢትልሶቹ ራሳቸው ምን ሊያደርጉላቸው ፈለጓቸው? ጆርጅ ሃሪሰን በ1970 «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» የተባለውን ትልቅ አልበሙን ሲቀዳ ጊታር ካስመታቸው ሰዎች መካከል እነሱ አሉ። ኢቫንስና ሞላንድ በጆን ሌነን «ኢማጂን» አልበም ላይ ተጫውተዋል። ኦገስት 1 ቀን 1971 ሃሪሰን ለባንግላዴሽ ስደተኞች በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ኮንሰርት አዘጋጀ። መድረኩ በትላልቅ ስሞች ተጨናንቋል። «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ሲደርስ ግን ከሃሪሰን ጎን ጊታር ይዞ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፒት ሃም ነው። ቪዲዮው አለ፤ ተመልከቱት። ሰው የራሱን ፎቶኮፒ እንደዚያ አጠገቡ አያቆምም።

ስለ «ስትሬት አፕ» አልበምም አንድ ነገር ልበል። በ1971 ሲሠራ መጀመሪያ ጄፍ ኤመሪክ በፕሮዲዩሰርነት ያዘው። አፕል አልወደደውም፣ ተጣለ። ሃሪሰን እንደ አዲስ ጀመረው። «ዴይ አፍተር ዴይ» ላይ ያለውን ያን የሚያለቅስ ስላይድ ጊታር ከሃም ጋር ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። የባንግላዴሽ ጉዳይ ሲመጣ ትቶት ሄደ። የጨረሰው ቶድ ረንድግሬን ነው። ሦስት ሰው የተፈራረቀበት ወጥ ብዙ ጊዜ አይጣፍጥም። ይሄኛው ጣፈጠ።

ጸሐፊው «አንድ ብቻ» ወዳለው ዘፈን፣ ወደ «ዊዛውት ዩ» ልምጣ። ሻዬን ያቀዘቀዘው ይሄኛው ነጥብ ነው።

እኔ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማሁት በማራያ ኬሪ ድምጽ፣ በካሴት ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከየሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ይለቀቅ ነበር። የእሷ መስሎኝ ዓመታት ኖርኩ። ከዚያ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የሃሪ ኒልሰንን ሰማሁና «አሃ፣ ለካ የእሱ ነው» አልኩ። ኒልሰን ራሱ ደግሞ መጀመሪያ ሲሰማው የቢትልስ መስሎት ነበር። ሁላችንም ተሸውደናል። ዘፈኑ የፒት ሃምና የቶም ኢቫንስ ነው። በ1970 «ኖ ዳይስ» በተባለው አልበማቸው ላይ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሃም የጀመረው ዘፈን ነበር፤ አዝማቹ ግን አልጥም ብሎታል። ኢቫንስ በበኩሉ ግሩም አዝማች ነበረው፤ የሚያስገባበት ዘፈን ግን አጥቷል። ሁለቱን ግማሾች አገጣጠሟቸው። በቃ። እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ነጠላ ዜማ ሆኖ እንኳ አልወጣም። ልጆቹም ምን እንደሠሩ የገባቸው አይመስልም።

በ1972 የኒልሰን ቅጂ አሜሪካ ላይ 4 ሳምንት፣ እንግሊዝ ላይ 5 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ለኒልሰን የግራሚ ሽልማት አስገኘለት። በ1994 ማራያ እንደገና እንግሊዝ ላይ አንደኛ አደረገችው። ኒልሰን ዘፈኑን እንዳሳደገው እስማማለሁ። ያ ፒያኖ፣ እነዚያ ቫዮሊኖች፣ ያ ጩኸት! ግን ሞግዚቷ ጎበዝ ስለሆነች ልጁ እናት የለውም አይባልም። የባድፊንገር ቅጂ አይጮህም። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ለራሱ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ እናንተ ሌላውን ብትመርጡ አልጣላችሁም። «አንድ ዘፈን ብቻ» የሚለው ግን ከላይ በቆጠርኳቸው አልቋል። ካስፈለገ ይሄንንም ጨምሩበት፦ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2013 «ብሬኪንግ ባድ» የተባለው ተከታታይ ፊልም የመጨረሻ ክፍል በ«ቤቢ ብሉ» ተዘጋ። ዘፈኑ ከወጣ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጸሐፊው ጥሉን ለብቻ፣ ፊርማውን ለብቻ አድርጎ ነው ያቀረበው። እኔ አንድ ላይ አነሳቸዋለሁ፤ ጥሉ የገንዘቡ ልጅ ነውና።

በ1970 መጨረሻ ስታን ፖሊ ከሚባል የኒው ዮርክ ማኔጀር ጋር ተፈራረሙ። ከኮንሰርት፣ ከሸክላ ሽያጭ፣ ከድርሰት የሚመጣው ሁሉ «ባድፊንገር ኢንተርፕራይዝስ» ወደሚባል ድርጅት ይገባል። መሪውን የያዘው ፖሊ ነው። ልጆቹ ደሞዝ ይቆረጥላቸዋል። ለወጣት ሙዚቀኛ ይሄ ክፉ አይመስልም። በየወሩ የምትበላው አለህ፣ የቀረው ይጠራቀምልሃል።

ከዲሴምበር 8 ቀን 1970 እስከ ኦክቶበር 31 ቀን 1971 ያለውን የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ ተርፏል። ሞላንድ 8,339 ዶላር። ኢቫንስ 6,861። ጊቢንስ 6,211። ፒት ሃም 5,959። የፖሊ ኮሚሽን ደግሞ 75,744 ዶላር። አራቱ ተደምረው 27,370 ነው። ሰውዬው የአራቱን ድምር ሦስት እጥፍ ሊደፍን ትንሽ ነው የቀረው። ከሁሉ ያነሰውን የወሰደው ደግሞ ያን ሁሉ ተወዳጅ ዘፈን የጻፈው ሃም ነው። በወር ሲመታ 550 ዶላር ገደማ ነው። ካልኩሌተር አውጥቼ ሁለቴ አስልቼዋለሁ።

በ1973 ከአፕል ጋር የመጨረሻውን አልበማቸውን አወጡ። ርዕሱ «አስ» ነው፤ አህያ ማለት ነው። (ሌላም ትርጉም አለው፤ እሱን ተዉት።) ሽፋኑ ላይ አንድ አህያ ቆሟል። ከሰማይ የወረደ ትልቅ እጅ ከሩቅ ካሮት ያሳየዋል። በራሳቸው እየቀለዱ ነበር። እኛ ሀገር ግን አህያን የሚያሳስበው ካሮት አይደለም፤ ጅብ ነው። ጅቡ ደግሞ ቀድሞ ቤት ገብቷል።

ፖሊ ዋርነር ከሚባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ጋር አዲስ ውል አዋዋላቸው። 3 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ተወራ። ከዚያ ውስጥ 100,000 ዶላር የሚሆነው ለዋስትና በዝግ ሂሳብ መቀመጥ ነበረበት። የዋርነር የድርሰት ክፍል ገንዘቡን ሲፈልገው የለም። የት ገባ? የበላው ጅብ አልጮኸም። በዲሴምበር 1974 ኩባንያው ከሰሰ።

ዝናው ስላለፈበት ተበተነ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚፈርሰው። በዚያው በ1974 መጸው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» የሚል አልበም አውጥተው ነበር። (ፒንክ ፍሎይድ በዚሁ ስም ያወጡት በዓመቱ ነው።) ፕሮዲዩሰሩ ክሪስ ቶማስ ነው። ሃያሲዎች አመሰገኑት። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ምርጡ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ሰኞ ሰኞ ከእነሱ ወገን ነኝ። ታዲያ በክሱ ምክንያት ሳምንታት እንደተሸጠ ኩባንያው ራሱ ከገበያ ሰበሰበው። ደንበኛ ጠልቶት አይደለም። ሱቅ ሄዶ የሚገዛው አጣ።

ከዚያም ተስፋ አልቆረጡም። በዚያው ዲሴምበር አፕል ስቱዲዮ ገብተው በሁለት ሳምንት «ሄድ ፈርስት» የሚል ሌላ አልበም ቀዱ። ኩባንያው አልቀበልም አለ። አልበሙ ለሕዝብ የደረሰው በ2000 ነው። ከ25 ዓመት በኋላ! በውል ስለታሰሩ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ አይችሉም። ያለፈበት ባንድ እንዲህ አይደለም።

ጥሉስ? አዎ ነበር። ግን በምን ተጣሉ? ሞላንድና ባለቤቱ ፖሊን ተጠራጠሩ። ሃም ደግሞ ያምነው ነበር። በ1974 ሃም ተቆጥቶ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። እሱ ሲወጣ የተቀጠረው ኪቦርዲስት ቦብ ጃክሰንም አብሮ ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ ሞላንድ ለቀቀ። የጥሉ መነሻ ዝናም ሴትም አልነበረም። «ሰውዬው ሌባ ነው» እና «አይደለም» የሚል ክርክር ነው። ቤት ውስጥ ሌባ የገባ ጊዜ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ። ጎረቤት መጥቶ «ቤታቸውን ያፈረሰው ጭቅጭቃቸው ነው» ቢል ምን ትሉታላችሁ?

«ሳያነቡ ፈረሙ» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ፖሊ ጋር ሲፈርሙ ሃም 23 ዓመቱ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1970፣ ማካርትኒ ከሦስቱ ጓደኞቹ ጋር ያለው ሽርክና እንዲፈርስ ለንደን ላይ ክስ መሠረተ። የክሱ ዋና መነሻም ማኔጀር ነው፤ አለን ክላይን። የዓለም ሀብታሙ ባንድ ከነጠበቆቹ በማኔጀር ጣጣ ፍርድ ቤት ቆሟል። የስዋንዚ ልጆች እንዴት ይዳኑ? እሱም ይቅር። ዋርነርስ? ሕንፃ ሙሉ ጠበቃ ያለው ኩባንያ ገንዘቡን ያጣው በዚሁ ሰው እጅ አይደለም? በ1991 ደግሞ ፖሊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ ሰው 250,000 ዶላር በማጭበርበር ተከሶ፣ ክሱን ሳይከራከር ተቀበለ። 5 ዓመት የገደብ ቅጣት ተጣለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይህን ሁሉ ሰው የበላ ሰው ባለበት፣ ጸሐፊው ጣቱን የቀሰረው በተበሉት ላይ ነው።

በ1975 የጸደይ ወራት ደሞዙ ቆመ። ሃም ቤት ገዝቶ ነበር፤ ዕዳ አለበት። የሚወዳት ሴት ነፍሰ ጡር ናት። ኒው ዮርክ ይደውላል፣ የሚያነሳለት የለም። ኤፕሪል 24 ቀን ራሱን አጠፋ። 28 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ነበር የቀረው። በተወው ማስታወሻ ላይ የፖሊን ስም ጽፏል። ሴት ልጁ የተወለደችው ከወር ገደማ በኋላ ነው። ባድፊንገር የተበተነው ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ጭቅጭቅ ማንኛውም ባንድ ይችለዋል።

ጸሐፊው ልክ የሆነበትን ደግሞ ልስጠው። ከ1975 በኋላ ያለው አያምርም። መሀል ላይ ሞላንድ ምንጣፍ እያነጠፈ፣ ኢቫንስ ቧንቧ እየሸፈነ ኖረዋል። ሁለቱ ተገናኝተው በ1979 «ኤርዌቭስ»ን፣ በ1981 «ሴይ ኖ ሞር»ን አወጡ። ደህና ናቸው፤ ከደህና አያልፉም። ከዚያ ተለያዩና ሁለት ባድፊንገር ሆነው አሜሪካን መዞር ጀመሩ። አዎ፣ ያሳፍራል። የ«ዊዛውት ዩ» ገንዘብ ለማን ይድረስ የሚለው ክርክርም ቀጠለ። ኢቫንስ በዚሁ ጉዳይ ከሞላንድ ጋር በስልክ ተጨቃጨቀ። ኖቬምበር 19 ቀን 1983 እሱም ራሱን አጠፋ። ማራያ ዘፈኑን እንግሊዝ ላይ አንደኛ ስታደርገው ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱም በሕይወት አልነበረም።

እርግማን የተባለው ይህ ነው። ስለ እርግማን ብዙ አልልም። እርግማን ቼክ አይፈርምም። ኮሚሽንም አይቆርጥም።

ጊቢንስ በ2005፣ ሞላንድ በ2025 አረፉ። ከአራቱ የቀረ የለም። ስዋንዚ ውስጥ ግን ከ2013 ጀምሮ ለሃም የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሎለታል። ልደቱ ቀን፣ ኤፕሪል 27 ነው የተመረቀው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ፤ በቅንነት ነው። ሌላ ጊዜ ስለነሱ ከመጻፉ በፊት «ኖ ዳይስ»ን ያግኝና «ዊዛውት ዩ»ን ከባለቤቶቹ አፍ ይስማ። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ነው። ሻይ አይቀዘቅዝም።